አጭሩ ስንዴና ዶክተር ቦርሎግ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ከየሙያችን አንድ ትልቅ ሰው መርጠን ሕይወቱን እንድንጽፍ ሲጠይቁን እኔ ብዙ አላመነታሁም። ከዕፅዋት ሳይንስ ክፍል ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ የምሠራው በመተከል ዞን፣ ድባጤ ወረዳ ነው፤ ሥራዬም ሰብል ነው። ለሰብል ሰው ደግሞ ዶክተር ኖርማን ቦርሎግ ወደዳቸውም ጠላቸውም ሊያልፋቸው የሚችል ሰው አይደሉም። ካረፉ ቆይቷል። ስለ እሳቸው የተጻፈውም ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ወይ ውዳሴ ነው ወይ ወቀሳ። እኔ ላወራ የፈለግኩት በእጃቸው ስለያዙት ስንዴ ጭምር ነው። ሰውዬው ዓለምን የቀየሩት በአንድ የሆርሞን ነገር ነው፤ ሲይዙት ግን ምን መሆኑን እሳቸውም ሌላውም አያውቅም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦርሎግ የተወለዱት ማርች 25 ቀን 1914 በአሜሪካ አይዋ ግዛት፣ ክሬስኮ ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ነው። ቤተሰቡ ከኖርዌይ የፈለሱ ገበሬዎች ዘር ነው። በቆሎና አጃ ያመርታሉ፤ ከብት፣ አሳማና ዶሮ ያረባሉ። እስከ 8ኛ ክፍል የተማሩት ሁሉም ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ በሚማርበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ከእርሻው አውጥተው ወደ ትምህርት የገፏቸው አያታቸው ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ በትግል ስፖርት ስማቸው ወጣ። በኋላ ዘመን ከእሳቸው ጋር የተከራከረ ሰው ሁሉ የትግሉን ነገር ሳያስታውስ የቀረ አይመስለኝም።

ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተፈትነው ወደቁ። ይህችን ነገር ሆን ብዬ ነው ለመምህራኖቻችን የማነሳት። የተቀበላቸው ያኔ አዲስ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ ወደ ደን ትምህርት ተዛወሩ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና ገንዘብ ሲያልቅባቸው ትምህርቱን እያቋረጡ ይሠሩ ነበር። በአንድ የመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ውስጥ ሥራ አጥ ወጣቶችን ሲመሩ፣ ተርቦ የመጣ ሰው ጥቂት ሳምንት በደንብ ሲበላ እንዴት ሌላ ሰው እንደሚሆን በዓይናቸው አዩ። በ1937 በደን ሳይንስ ተመረቁ። ቃል የተገባላቸው የደን መሥሪያ ቤት ሥራ በበጀት እጥረት ሲዘገይባቸው፣ ኤልቪን ስታክማን የተባሉ መምህር ስለ ዋግ በሽታ የሰጡትን ንግግር ሰሙ። በቃ፣ ከዛፍ ወደ ስንዴ የዞሩት ያኔ ነው። በ1942 በዕፅዋት በሽታ ሳይንስ ዶክትሬታቸውን ያዙ።

በ1944 ወደ ሜክሲኮ ሄዱ። የሮክፌለር ፋውንዴሽን ከሜክሲኮ መንግሥት ጋር የጀመረው ፕሮግራም ነበር። የግንድ ዋግ ስንዴውን ጨርሶታል፣ አገሪቱም ስንዴ ከውጭ ታስገባለች። ቦርሎግ ሥራውን ለማፍጠን አንድ ሐሳብ አመጡ፦ በበጋ በሜክሲኮ ሲቲ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በክረምት ደግሞ በሰሜን ምዕራብ በያኪ ሸለቆ እየዘሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረት። ሁለቱ ቦታዎች ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ በከፍታ ደግሞ በ2,600 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ዘር ለመብቀል ዕረፍት ያስፈልገዋል የሚለው የዘመኑ እምነት ይህን አይፈቅድም ነበር። አለቃቸው ሲከለክሏቸው ቦርሎግ ሥራ ለቀቁ፤ ስታክማን ገብተው አስታረቋቸው፣ ዕቅዱም ጸደቀ። የሁለት ቦታው ምልልስ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጨመረ። ቀን ረዘመ አጠረ ሳይል፣ በአንዱም በሌላውም ኬክሮስ አብቦ የሚያፈራ ስንዴ ብቻ ተጣርቶ ቀረ። ያ ስንዴ በኋላ ሕንድም ኢትዮጵያም ሲሄድ ያላስቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጉን በመጠኑ ገቱት። ማዳበሪያ ሲጨምሩ ግን አዲስ ችግር ገጠማቸው፤ ስንዴው ረዝሞ፣ ዛላው ከብዶ፣ ነፋስ ሲመጣ ተጋሸበ። መጋሸብን ለእኛ ጤፍ አምራች ማስረዳት አያስፈልግም። የተጋሸበ ሰብል ይበሰብሳል፣ ለማጨድ ያስቸግራል፣ ምርቱም ይወርዳል። ማዳበሪያው ለፍሬው ተብሎ ተሰጠ፣ አገዳው በላው።

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። ጎንጂሮ ኢናዙካ የተባሉ አዳቃይ ኖሪን 10 የተባለ አጭር ስንዴ አውጥተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዘሩ ወደ አሜሪካ ተወስዶ፣ በዋሽንግተን ግዛት ኦርቪል ቮግል ከአገሩ ስንዴ ጋር አዳቀሉት፤ ከዚያ ጥቂት ዘር ለቦርሎግ ላኩ። ቦርሎግና ረዳቶቻቸው በወረንጦ እያንዳንዷን አበባ ከፍተው፣ ወንዴውን ነቅለው፣ በሺህ የሚቆጠር ድቀላ ሠሩ። በ1962 ፒቲክና ፔንሃሞ የተባሉት አጫጭር ዝርያዎች ወጡ። በ1963 የሜክሲኮ ስንዴ 95 ከመቶ የሚሆነው የቦርሎግ ዝርያ ነበር፣ ምርቱም ከ1944ቱ ስድስት እጥፍ ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስንዴውን ከውስጥ እንየው። ኖሪን 10 የተለቀቀው በ1935 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ጃፓን፣ ቴይጂሮ ያቡታ የተባሉ ኬሚስት ጂበሬሊን ብለው አንድን ንጥረ ነገር ሰየሙ። ነገሩ የተጀመረው ከሩዝ በሽታ ነው። አንድ ፈንገስ ያጠቃው ሩዝ እንደ እብድ እየረዘመ ይወድቃል፤ ኤይቺ ኩሮሳዋ በ1926 ታይዋን ውስጥ ፈንገሱ ራሱ ሳይኖር ከእሱ የተጣራው ፈሳሽ ብቻ ሩዙን እንደሚያረዝም አሳዩ። ቆይቶ ጂበሬሊን የፈንገሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማንኛውም ተክል በራሱ የሚሠራው ሆርሞን እንደሆነ ታወቀ። እንግዲህ በአንድ አገርና በአንድ ዓመት፣ አንዱ የሚያረዝመውን ሲሰይም ሌላው አልረዝምም ያለውን ስንዴ ለገበሬ ሰጠ። የሁለቱን ነገር ዝምድና ግን ማንም አላየውም።

ዝምድናው የጂን ደረጃ ማብራሪያ ያገኘው በ1999፣ ቦርሎግ 85 ዓመት ሲሆናቸው፣ እንግሊዝ ውስጥ በኖሪች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጂኑን ሲያገኙት ነው። በተክሉ ሴል ውስጥ ዴላ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሥራቸው ልክ እንደ ልጓም ነው፤ እድገትን ይይዛሉ። ጂበሬሊን ሲመጣ ተቀባዩ ላይ ያርፋል፣ ተቀባዩ ዴላን ይይዘዋል፣ ሴሉም ዴላን ሰባብሮ ያስወግደዋል፤ ያኔ አገዳው ይረዝማል። በኖሪን 10 ውስጥ ያለው ዴላ ግን ተቀባዩ የሚይዝበት ጫፉ የጎደለ ነው። ጂበሬሊን በሽ በሽ ቢሆንም ልጓሙ አይፈታም። ተክሉ ጂበሬሊን ቢረጭበትም እንደ ሌላው አይረዝም። በነገራችን ላይ በእስያ የተስፋፋው አጭሩ ሩዝ ያጠረው በሌላ መንገድ ነው፤ እሱ ልጓሙ ደህና ሆኖ ጂበሬሊኑን በበቂ የማይሠራ ነው። መልካቸው አንድ፣ ምክንያታቸው ሁለት።

ተማሪ ሳለን ሆርሞኖችን በሰንጠረዥ ነበር የሸመደድነው። ኦክሲን ይህን ያደርጋል፣ ሳይቶካይኒን ያንን፣ ጂበሬሊን ሌላውን። ለፈተና ጥሩ ነው። ማሳ ላይ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን አይሠሩም። ከተክሉ ጫፍ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን አገዳው ውስጥ ጂበሬሊን እንዲሠራ ያደርጋል፤ በአተር ላይ ጫፉ ሲቆረጥ ጂበሬሊኑም አብሮ ይቀንሳል። ያው ኦክሲን ከስትሪጎላክቶን ጋር ሆኖ የጎን እንቡጦችን ያስተኛል፣ ሳይቶካይኒን ደግሞ ይቀሰቅሳቸዋል። የቡና ጫፍ ሲቆረጥ በጎን የሚያቆጠቁጠው ለዚህ ነው። ብራሲኖስቴሮይድ የሚያዝዘው ፕሮቲንና ብርሃን የሚመራቸው ፕሮቲኖች በቀጥታ ከዴላ ጋር ይገናኛሉ። ዘር ሲሆን ደግሞ አብሲሲክ አሲድ ተኛ ይላል፣ ጂበሬሊን ተነስ ይላል። ብቅል ማለት የዚህ ክርክር ውጤት ነው፤ እናቶቻችን ገብስ አርሰው ሲያበቅሉ፣ የጉሙዝ ቤተሰቦችም ለመጠጥ ማሽላና ዳጉሳ ሲያበቅሉ፣ የጽንሱ ጂበሬሊን ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩትን ኢንዛይሞች እያስጠራ ነው። እናማ ዴላ የእነዚህ ሁሉ መልእክቶች መገናኛ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ቦርሎግ የያዙት አንድ ክር መስሏቸው ነበር፤ ክሩ ግን ከብዙ ክሮች ጋር የተቋጠረ ነው።

ቋጠሮው የታየው ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ድሉ ነበር። በ1963 ወደ ሕንድ ሄዱ። በ1965 ከሜክሲኮ የተጫነው ዘር ሎስ አንጀለስ ወደብ ሲደርስ ከተማዋ በሁከት ላይ ነበረች፤ ዘሩ መንገድ ላይ ሳለ ደግሞ ሕንድና ፓኪስታን ጦርነት ገጠሙ። ቢሆንም ተዘራ። የፓኪስታን ስንዴ በ1965 ከነበረበት 4.6 ሚሊዮን ቶን በ1970 ወደ 7.3 ሚሊዮን፣ የሕንድም ከ12.3 ወደ 20.1 ሚሊዮን ቶን አደገ። በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ወሬውን የነገሯቸው ባለቤታቸው ማርጋሬት ናቸው፤ እሳቸው ግን ቶሉካ ማሳ ላይ ስለነበሩ መጀመሪያ አላመኗቸውም ነበር።

ወቀሳውም የመጣው ከዚያው ጋር ነው። አጭሩ ስንዴ ማዳበሪያ ይወዳል፣ ውሃ ይወዳል፣ ያለው ገበሬ ይጠቀማል ተባለ። ቦርሎግ ይህን ሲሰሙ ይቆጡ ነበር፤ ጠግቦ የሚከራከር ሰው አይወዱም። እኔ በዚህ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እወስዳለሁ። የማዳበሪያው ነገር የፖለቲካ ብቻ ሳይሆን የልጓሙ ጉዳይም ነው። በ2018 ቻይና ውስጥ ተመራማሪዎች በሩዝ ላይ እንዳሳዩት ዴላ አገዳውን ብቻ አይይዝም፤ ናይትሮጅን ለመሳብ የሚያስፈልጉትን ጂኖች የሚያንቀሳቅሰውንም ፕሮቲን ይይዛል። ስለዚህ አጭሩ ተክል በቁመቱ ያተረፈውን ያህል ከአፈር በመሳብ ይከስራል፣ ክፍተቱንም በማዳበሪያ መሙላት ግድ ይሆናል። ሌላም አለ። ቡቃያውን ሸፍኖ አፈር የሚሰነጥቀው ሽፋን በኖሪን ዘሮች ላይ አጭር ነው። ዘሩ ጠልቆ ከተቀበረ ሳይወጣ ይቀራል። በመስመር መዝሪያ ማሽን እኩል ጥልቀት ላይ ለሚዘራ ይህ ቀላል ነገር ነው። በእጅ በትኖ በማረሻ ለሚያለብስ ገበሬ ግን አንዱ ዘር ላይ፣ አንዱ ጥልቅ ይወድቃል። አሁን አዳቃዮች ጂበሬሊን የሚሰሙ ሆነው የሚያጥሩ ሌሎች ጂኖችን የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በ1984 በአገራችን ረሃብ ሆነ፤ በእኛ 1977 ዓ.ም. የምንለው ማለት ነው። የጃፓኑ ባለሀብት ርዮኢቺ ሳሳካዋ ቦርሎግን ጠርተው በእስያ የሠሩትን ለምን በአፍሪካ እንደማይሠሩ ጠየቋቸው። ቦርሎግ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አዲስ ነገር አልጀምርም አሉ። ሳሳካዋ እሳቸው በ15 ዓመት እንደሚበልጧቸው ነግረው ጉዳዩን ዘጉት። በ1986 የሳሳካዋ የአፍሪካ ማኅበር ተቋቋመ። ያው ረሃብ ነው ከወሎና ከሌላውም ቦታ ሰው እየተጫነ ወደ ጣና በለስ፣ ወደ ፓዊ እንዲሰፍር ያደረገው። ፓዊ ከድባጤ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለው፣ እኛም ብዙ ነገር የምንወስደው ከዚያ ነው። አንድ ረሃብ በአንድ በኩል ቦርሎግን ወደ አፍሪካ፣ በሌላ በኩል ሰፋሪውን ወደ መተከል አመጣ።

ፕሮግራሙ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1993 ሥራ ጀመረ። በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ የተሻሻለ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ፣ ከጎኑም የልማት ሠራተኛ። በ1994 ቦርሎግና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መጥተው፣ አቶ መለስ ዜናዊ ለዘመቻው ድጋፍ እንዲሰጡ አሳመኗቸው። በተከታዩ የምርት ዘመን የዋና ዋና ሰብሎች ምርት በ32 ከመቶ ጨመረ ተባለ። እኛ የምናውቀው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ፣ ብዙዎቻችሁ ተመርቃችሁ የገባችሁበት ሥራ፣ ከዚያ የበቀለ ነው። ያልተጠበቀውም አብሮ መጣ፤ በ2001 አካባቢ በቆሎ ሲትረፈረፍ ዋጋው ተንኮታኮተ፣ የሰበሰበውን ያህል የማዳበሪያ ዕዳ መክፈል ያቃተው ገበሬ ብዙ ነበር። በስንዴውም ከሜክሲኮው ማዕከል መስመሮች የተመረጡት ቁብሳና ጋላማ በአርሲና በባሌ ተስፋፉ፣ በ2010 ግን ቢጫ ዋግ አወደማቸው። ቦርሎግ ይህን አላዩም። በመጨረሻ ዓመቶቻቸው ግን ከምሥራቅ አፍሪካ የተነሳውን አዲሱን የግንድ ዋግ ዓለም ችላ እንዳይለው ሲወተውቱ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ነው የዓለም ማካሮኒ ስንዴ ደብረ ዘይት፣ የዳቦው ስንዴ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ንጆሮ እየመጣ እንዲፈተሽ የተደረገው።

ድባጤ የስንዴ አገር አይደለም። የእኛ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ኑግና ለውዝ ነው። ስለ ቦርሎግ ሳስብ ግን ዓይኔ የሚሄደው ማሽላው ላይ ነው። የአገሩ ማሽላ ከሰው በላይ ነው፣ ከሁለት ሰውም የሚበልጥ አለ። በአሜሪካ ማሽላ በማሽን እንዲታጨድ ሲፈለግ አጠረ። ካሳጠሩት ጂኖች አንዱ በ2003 ሲገለጥ ኦክሲንን ከሴል ወደ ሴል የሚያሻግር ፕሮቲን መበላሸት ሆኖ ተገኘ። እዚህም ስንዴው ላይ እንደነበረው አንድ የሆርሞን መልእክት ተቋርጦ ነው። አጭሩ ማሽላ ቶሎ ይደርሳል፣ ዝናብ ሲያጥር ያድናል። ግን አገዳው የት ይግባ? በእኛ ወረዳ አገዳ አጥር ነው፣ ጣሪያ ነው፣ ማገዶ ነው፣ በበጋ ለከብት መኖ ነው፤ ጥንቅሹ ለልጆች ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ አጭሩን ማሽላ አሳይቻቸው ሲያበቁ ፍሬውን አመስግነው፣ ከብቶቻቸው ጥር ላይ ምን እንደሚበሉ በትሕትና ጠየቁኝ። ቀድሞ ስለሚደርስ ወፍ ሁሉ የሚሰበሰብበት መሆኑንም ጨመሩልኝ። ለእሳቸው ሚዛኑ ኩንታል ብቻ አይደለም። ስለዚህ እኔ ቢሮ ውስጥ የምከራከረው ለሁለቱም ነው፤ ዝናቡ ለሚያጥርበት ቀበሌ አጭሩ ይሰጥ፣ ከብት ለሚበዛበት ረጅሙ ይሻሻል። የሪፖርቱ ቅጽ ግን አገዳ የሚሞላበት ሳጥን የለውም፤ በየዓመቱ በአስተያየት ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ።

ለድባጤ ማሽላ ከቁመት የባሰው ጠላት አቀንጭራ ነው፤ እሷም የሆርሞን ሰሚ ናት። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶንን ወደ አፈር የሚለቀው ምግብ የሚያመጡለትን ፈንገሶች ለመጥራት ነው፤ በውስጡ ደግሞ ቅርንጫፍን ይቆጣጠርበታል። የአቀንጭራ ዘር ዓመታት አፈር ውስጥ ተኝታ ትጠብቅና ያችን መልእክት ስትሰማ ትነቃለች፣ ሥሩ ላይም ትጣበቃለች። በዚህ ላይ ዕድሜያቸውን የሠሩት ወሎንኮሚ የተወለዱት፣ በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 እንዳሳተሙት፣ የሚቋቋመው ማሽላ መልእክቱን አልተወም፤ የላከውን የስትሪጎላክቶን ዓይነት ቀየረው፣ አቀንጭራም አልሰማችውም። በዚህ ዘርፍ የተለቀቁት ጎቢዬና አብሺር በአገራችን የታወቁ ናቸው።

ቦርሎግ ለምግብ የሚሠሩ ሰዎች ከኖቤል የተለየ የራሳቸው ሽልማት ይኑራቸው ብለው የዓለም የምግብ ሽልማትን ያስጀመሩት በ1986 ነው። የ2009ኙ አሸናፊ ገቢሳ እጀታ መሆናቸው በሰኔ ወር ተነገረ። ቦርሎግ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2009 በ95 ዓመታቸው ቴክሳስ ዳላስ ውስጥ በካንሰር አረፉ፤ በእኛ መስከረም 2 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ሽልማቱ የተሰጠው ከወር በኋላ፣ በጥቅምት፣ በዚያው በተወለዱበት አይዋ ግዛት ነው። በዚያ ሰሞን በመተከል ማሽላው እሸት ይዞ፣ ከሥሩ የአቀንጭራ ሐምራዊ አበባ ወጥቶ ነበር።